ክረምት ሳይገባ፦ የቆየ ቤትን ከቆርቆሮው እስከ ቦዩ መመርመር



ዛሬ የምናገረው ስለ አዲስ አበባ ነባር የጭቃ ቤት ነው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ኮርኒስ ያለው ቤት። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን ያደግነው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። በጉለሌ፣ በልደታ፣ በቄራ፣ በኮልፌ ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል። ስለዚህ ቤት ሲወራ የምሰማው ነገር ያሳዝነኛል። «ጭቃ ስለሆነ ነው፤ ዕድሜውን ጨርሷል» ይባልና ይታለፋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጭቃ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ዕድሜ አይገድበውም። በከተማችን ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው ለዚህ ነው። ቤቱን የሚገድለው ከጣሪያው ወርዶ መሄጃ ያጣ ውሃ ነው። ያ ውሃ ደግሞ ድንገት አይመጣም፤ ምልክት እየተወ ለዓመታት ሲመላለስ ይቆያል። ምልክቱን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መሰላል፣ ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

መጀመሪያ ስለምን ያህል ውሃ እንደምናወራ እንወቅ። በአዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 80 ካሬ የሚሸፍን ጣሪያ በዓመት 96,000 ሊትር ያህል ይቀበላል። ቁጥሩ ከራቀባችሁ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ እንውሰድ። 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,600 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ስምንት ጊዜ ይሞላል። ጣሪያው ግራና ቀኝ የሚያፈስ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን አራት አራት በርሜል ውሃ ከግድግዳው አጠገብ ተደፋ ማለት ነው። ጎረቤት በየቀኑ አራት በርሜል ውሃ አምጥቶ ከግድግዳችን ሥር ቢደፋ ዝም የምንል አይመስለኝም። የገዛ ጣሪያችን ሲያደርገው ግን ሐምሌን ሙሉ እያየን እናልፈዋለን።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለምርመራው ይረዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የአብዛኛው ሰው ቤት የሣር ክዳን ነበር። የሣር ክዳን ቁልቁለቱ ትልቅ ነው፤ ጫፉ ዝቅ ብሎ ይወርድና ግድግዳውን ይከልላል። ከምድጃው የሚነሣው ጢስም በሣሩ ውስጥ እያለፈ እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ነፍሳቱንም ያርቃል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ባሕር ዛፍ ገባ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ቆርቆሮን የመሰለ ከባድ ዕቃ ማምጣትም ቀለለ። ከዚያ በኋላ የከተማው ቤት በባሕር ዛፍ እየቆመ በቆርቆሮ እየተከደነ ሄደ። የቆርቆሮው ጥቅም ግልጽ ነው፤ እሳት አይፈራም፣ በየጥቂት ዓመቱ ካልቀየራችሁኝ አይልም። ነገር ግን የጣሪያው ቁልቁለት ቀነሰ፣ ጫፉ አጠረ። ኩሽና ለብቻው ሲሠራ ጢሱ ከዋናው ቤት ወጣ፤ ከላይም ኮርኒስ ተዘጋ። የግድግዳው እግር ተራቆተ፤ የጣሪያው ሆድ ታፈነ። የቀድሞውን ክዳን ሥራ ሊተካ የሚገባው አሸንዳና የአየር መተላለፊያ ግን በአብዛኛው ተራ ሰው ቤት አብሮ አልተሠራም። ዛሬ የምንመረምረው በሙሉ ከዚህ ጉድለት የተወለደ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሥራው እንግባ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ በመቆየቱ ደሃ በከተማው መሀል መኖር ቻለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ኪራይ ላይ ግን ጣሪያ መቀየሪያ አይተርፍም ነበር። ስለዚህ በነባር ሰፈሮቻችን ጣሪያ ላይ የምናየውን ላስቲክ፣ የመኪና ጎማ፣ ድንጋይ፣ በሬንጅ የተለጠፈ ጨርቅ ማንም እንደ ስንፍና እንዳይቆጥረው እለምናለሁ። ሰዎች በእጃቸው ባለው ነገር ቤታቸውን ለማትረፍ ያደረጉት ትግል ነው። እኛ የምንፈልገው ያ ድካም በትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲውል ነው።

ምርመራው መቼ ይደረግ? ግንቦት ጥሩ ወር ነው። የበልጉ ዝናብ ያስቀመጠው ምልክት ገና አልጠፋም፣ ክረምቱም አልገባም፤ አናጺም በዚህ ጊዜ ይገኛል። ሐምሌ ላይ ሁሉም ሰው አናጺ ሲፈልግ ዋጋውም ይወጣል፣ ሥራውም በዝናብ መሀል ይጣደፋል። ከውጭ አገር ለገናና ለጥምቀት መጥተው የቤተሰብ ቤት የሚረከቡ ወይም ነባር ቤት የሚገዙ ወገኖቻችንን በተለይ ላስጠንቅቅ። ቤቱን የምታዩት በጥር ፀሐይ ነው፤ በጥር የማያምር ቤት የለም። አዲስ የተቀባ ኮርኒስ ካያችሁ ለምን አሁን እንደተቀባ ጠይቁ። ከተቻለም እንድትፈርሙ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ የምታምኑት ሰው ከኮርኒሱ በላይ ይግባላችሁ።

ምርመራው ከመሬት ይጀምራል። መሰላሉን ገና አታምጡ። ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እዩ። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ መሬቱን ሲመታ ጭቃ ይረጫል፤ የርጭቱ ቀይ ወይም ቡናማ መስመር ከግድግዳው ላይ ይቀራል። መስመሩ ከመሠረቱ ድንጋይ ሳያልፍ ከቀረ ደህና ነው። ከድንጋዩ አልፎ ምርጊቱ ላይ ከወጣ ግድግዳው በየክረምቱ ይርሳል ማለት ነው። መስመሩ በአንድ ቦታ ብቻ ከፍ ካለ ወደ ላይ ቀና በሉ፤ ብዙውን ጊዜ የተቀደደ አሸንዳ ወይም ጫፉ የታጠፈ ቆርቆሮ ታገኛላችሁ። በልስኑ ላይ ያበጠ፣ ሲያንኳኩት ባዶ የሚሰማ፣ ሻጋታ የያዘ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር የተነሣበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ክበቡት። በኋላ ከላይ ከምታገኙት ጋር ታገናኙታላችሁ።

አሁን መሰላሉ ይምጣ። ከዚያ በፊት ግን በጥብቅ የምናገረው አለ። ያረጀ ቆርቆሮ ላይ አትራመዱ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይማ ጨርሶ አትውጡ። በሰፈሮቻችን የመብራት ገመድ ከጣሪያው ጫፍ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የሚያልፍበት ቤት ብዙ ነው። የብረት መሰላል ወይም ረጅም ቆርቆሮ ይዞ ያን ገመድ የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ገመዱ ቅርብ ከሆነ የእንጨት መሰላል ተጠቀሙ፣ በዚያ በኩልም አትውጡ። መሰላሉን አስደግፋችሁ፣ ከታች ሰው እንዲይዝላችሁ አድርጋችሁ፣ ከጫፉ ሆናችሁ ተመልከቱ። በአቅራቢያው ፎቅ ቤት ካለ ባለቤቱን አስፈቅዶ ከደረጃው ላይ ሆኖ በስልክ ፎቶ ማንሳት ከሁሉም ይሻላል። ፎቶውን አስፍታችሁ ሚስማር በሚስማር ታዩታላችሁ፤ ለአናጺው ታሳያላችሁ፤ ለከርሞም ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።

ምን እንይ? ዝገቱን ስታዩ ቀለሙን ለዩ። ቆርቆሮ ማለት በዚንክ የተለበጠ ስስ ብረት ነው። ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ካለው ዚንኩ እየተበላ ነው፤ ብረቱን ግን አሁንም እየጠበቀው ነው። ቀይ ዝገት ከሆነ ዚንኩ በዚያ ቦታ አልቋል፤ ብረቱ መበላት ጀምሯል። ቀይ ዝገት በብዛት የሚጀምረው ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ በተደረበበት መስመር ነው፤ ውሃ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ይሳብና ፀሐይ ሳያገኘው ይቆያል። ድንጋይና ጎማ የተጫነበት ቦታም እንደዚያው ነው። ድንጋዩ የተጫነው ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይነሣው ነው፤ ግን ከሥሩ ቅጠልና እርጥበት ይይዛል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ቀድሞ ይበሳል። ነፋሱ ቆርቆሮውን የሚያነሣው ሚስማሩ ስለላላ ነውና መድኃኒቱ ሚስማሩ ላይ ነው።

ስለ ሚስማሩ ትንሽ ልቆይ፤ ከማየው የጣሪያ ችግር ውስጥ ብዙው እዚህ ነው ያለው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። የአዲስ አበባ ቆርቆሮ በጠራራ ፀሐይ እጅ አያስነካም፣ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። በሁለቱ መካከል 50 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር የ2 ሜትር ቆርቆሮ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከጣሪያው የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይህ ነው። ይህ እንቅስቃሴ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሚስማሩን ይወዘውዘዋል። የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከባርኔጣው ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ራሱ ደህና ሆኖ ቤቱ ያፈሳል። ሚስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መሆኑንም እዩ። በጎድጓዳው በኩል የተመታ ሚስማር ውሃው በሚፈስበት መንገድ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ጎማው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አንድ ቀን ያስገባል። የላላውን ሚስማር በመዶሻ መልሶ መምታት የሚያቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ነቅሎ በወፍራም ብሎን፣ ከአዲስ ጎማ ጋር መተካት ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል። እንጨቱ በስብሶ ብሎኑን አልይዝ ካለ ደግሞ ችግሩ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከሥሩ ካለው ሞራሌ ነው።

የዲሽ እግር የታሰረበትን፣ የጢስ መውጫው ቆርቆሮውን የበሳበትን፣ አዲስ ክፍል ተቀጥሎ ሁለት ጣሪያ የተገናኘበትን ቦታ ለይታችሁ እዩ። ዲሽ ሲተከል ቆርቆሮው ይበሳል፤ ሲነሣ ቀዳዳው ክፍቱን ይቀራል። የመዳብ ቱቦ ካለ ከእሱ የሚንጠባጠብ ውሃ ዚንክን ስለሚበላ ቆርቆሮው ላይ እንዳይወርድ አድርጉ። ክዳኑ ቆርቆሮ ሳይሆን ግራጫ የሲሚንቶ ክዳን ከሆነና ዕድሜው የቆየ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና አትብሱት፣ አትስበሩት፣ አትፈግፍጉት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ቆርቆሮ መቀየር ግድ ከሆነ ሱቅ ላይ የሚነገራችሁን የጌጅ ቁጥር ተጠንቀቁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ጌጅ 28 ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ጌጅ 35 የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው። በረዶ በሚጥልበት ከተማ፣ ልጆች ኳስ ሊያወርዱ በሚወጡበት ጣሪያ ላይ ስሱን ቆርቆሮ መክደን ገንዘብ ማዳን አይደለም።

አሁን ሰዎች ጨርሰው የሚረሱት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ጨለማ። በብዙ ነባር ቤት ኮርኒሱ ከተመታ ጀምሮ ማንም ገብቶበት አያውቅም፤ መግቢያም የለውም። እኔ ለሁሉም ቤት የምመክረው አንድ መግቢያ እንዲከፈት ነው፤ ሰው በሚያሳልፍ ስፋት፣ ማለትም 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በኮሪደሩ ወይም በዕቃ ቤቱ ኮርኒስ ላይ፣ ክዳን ያለው። አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ከመግባታችሁ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ከኮርኒስ በላይ የሚገኘው ሽቦ በድሮ ቤቶች ጨርቅ የለበሰ ነው፤ ጨርቁ አርጅቶ ረግፏል ወይም አይጥ በልቶታል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የዓመታት አቧራና የርግብ ኩስ አለበት። ረግጣችሁ የምትቆሙት በእንጨቱ ላይ ብቻ ነው። ቺፑድ ሰው አይሸከምም፤ በዱቄት ሙጫ የተወጠረ የድሮ አቡጀዲ ኮርኒስማ ድመትም ይቀደዋል።

ገብታችሁ ክዳኑን ዝጉ፣ ባትሪውን አጥፉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጡ። ይህ በቀን፣ ፀሐይ ከላይ ሳለች መሆን አለበት። የተበሳ ቦታ ሁሉ በነጥብ በነጥብ ብርሃን ይታያችኋል። በየቀዳዳው ስንደዶ ወይም ቀጭን ሽቦ ከታች ወደ ላይ አሳልፉ። ከውጭ የሚጠብቀው አናጺ ብቅ ያለውን ስንደዶ እያየ ቀዳዳውን ያለ ግምት ያገኘዋል። በዚህ ዘዴ ቀኑን ሙሉ በሬንጅ ጣሪያ ከመለቅለቅ ይተርፋል።

ብርሃን የማያሳልፍ፣ ውሃ ግን የሚያሳልፍ ቦታም አለ። ለዚያ ባትሪውን አብሩና እንጨቱን አንብቡ። አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። በእንግዳ መቀበያው ኮርኒስ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ትሪ የሚያህል ቡናማ ክብ ነበር። ቤተሰቡ በየዓመቱ በትክክል ከዚያ ክብ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ሬንጅ ሲቀባ ኖሯል። ሬንጁ ተደራርቦ ወፍሯል፤ ክቡ ግን በየክረምቱ ይሰፋል። ከኮርኒሱ በላይ ስንገባ ከክቡ ቀጥታ በላይ ያለው ቆርቆሮ ደረቅ ነው፤ ምንም የለበትም። በአጠገቡ ባለው ወራጅ እንጨት ጎን ላይ ግን ጣት የሚያህል ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። መስመሩን በባትሪ ተከትለን ወደ ላይ ስንሄድ ከሁለት ሜትር በላይ ሄደን፣ የጣሪያው ሁለት ጎን ከሚገናኝበት መክደኛ ቆርቆሮ ሥር አበቃ። መክደኛው በአንድ በኩል ሚስማሩ ወልቆ ጫፉ ቀና ብሎ ነበር። ነፋስ ያለው ዝናብ ሲመጣ ውሃው እዚያ ይገባል፣ በእንጨቱ ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል፣ እንጨቱ ሌላ እንጨት የሚሻገርበት ቦታ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ያ መንጠባጠቢያ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። ጥገናው አራት ብሎን ነው። ውሃ ከገባበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል ብላችሁ አትገምቱ። ከእድፉ ተነሥታችሁ ወደ ላይ፣ ከቁልቁለቱ በተቃራኒ ሂዱ።

በዚያው ሳላችሁ ካቻቢቴውን አውጡ። የወራጁ ራስ በግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ ወጋ ወጋ አድርጉ። ደህና እንጨት ጫፉን አያስገባም፤ የበሰበሰ እንጨት ያለ ጉልበት ያስገባዋል። ከእንጨቱ ሥር አዲስ፣ ደቃቅ፣ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካለ ነፍሳት አሁንም እየበሉት ነው። ብናኙን ጠርጋችሁ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ ደግሞ ከተከማቸ ሥራ ላይ ናቸው። እነዚህ የወራጅ ራሶች ለእኔ ከቆርቆሮው በላይ ያሳስቡኛል። ቆርቆሮ ሲበሳ ሰው ያውቀዋል፣ ራሱ ላይ ይንጠባጠብበታልና። የወራጁ ራስ ግን በዝምታ ይበሰብሳል፤ አንድ ቀን ጣሪያው ጎበጥ ሲል ነው የሚታወቀው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ደግሞ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ንጋት ላይ ከኮርኒስ ውሃ የሚንጠባጠብባቸው ቤቶች አሉ። ሰው ጣሪያው ተበሳ ብሎ ይደነግጣል። ይህ የቤቱ የራሱ እንፋሎት ነው። የሰው ትንፋሽ፣ የማብሰያው እንፋሎት፣ በቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እርጥበት በኮርኒሱ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት እጅግ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። ሬንጅ ለዚህ ምንም አይፈይድም። የሚረዳው አየር ነው። በጣሪያው ሁለት ጎን፣ ሦስት ማዕዘን በሚሠራው ግድግዳ ላይ ትይዩ መስኮት መሰል ቀዳዳ ከፍታችሁ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፤ ወፍና አይጥ አይገባም፣ አየሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። የድሮው ጢስ እንጨቱን ሲያደርቅ የኖረበትን ሥራ በከፊል ይህ ይሠራዋል።

አሸንዳውን ለማየት ባልዲ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። መጀመሪያ ቅጠሉን በእጅ ጥረጉ። ከዚያ ውሃውን ከመውረጃው በራቀው ጫፍ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና እዩ። ውሃው ሳይቆም ወደ መውረጃው ከሄደ ጥሩ ነው። መሀል ላይ ኩሬ ከሠራ ማንጠልጠያው ረግቧል፤ ኩሬው ላሜራውን ያዝገዋል፣ የወባ ትንኝ ባይኖር እንኳ ሌላ ትንኝ ያራባል። በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ካለ ይበቃል። አሸንዳው ከቆርቆሮው ጫፍ ጋር ያለውን ርቀትም እዩ፤ ቆርቆሮው ወደ አሸንዳው ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካልገባ ቀስ ብሎ የሚወርደው ውሃ በቆርቆሮው ሥር ተጠምዞ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። በብዙ ቤት አሸንዳው ራሱ ደህና ሆኖ ጥፋቱ ከመጨረሻው ነው። የመውረጃው ቱቦ ከመሬት በላይ ተቆርጦ፣ የጣሪያውን ግማሽ ውሃ ሰብስቦ አንድ ማዕዘን ላይ ይደፋዋል። ያ ከአሸንዳ አልባ ቤት የባሰ ነው፤ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ቢያንስ ውሃውን በግድግዳው ርዝመት ያካፍለው ነበር።

ስለዚህ ወደ መሬት እንመለስ፤ የጭቃ ቤት ሞቱ ከእግሩ ነው። ግድግዳው የቆመባቸው ቋሚዎች ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ከፍታ፣ ከላይም ከታችም ሳይሆን በዚያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ይበሰብሳሉ፤ እርጥበትና አየር አብረው የሚገኙት እዚያ ነውና። ካቻቢቴውን በዚያ ከፍታ በግድግዳው ዙሪያ ሞክሩ። በር የማይዘጋ ከሆነ፣ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ካለ፣ ከዚያ በታች ያለውን ቋሚ ቀድማችሁ እዩ።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር የምለያይበት ነገር አለኝ። ግድግዳው ከታች ሲርስ ሰው የሚያደርገው ነገር በሲሚንቶ መለሰን ነው። ሲሚንቶው ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ሲሚንቶ ጠንካራና ድፍን ነው፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ደግሞ እንደ እርጥበቱ ያብጣል ይሟሽሻል። በሁለቱ መካከል ስንጥቅ ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ በልስኑ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ጭቃው ከውስጥ ይፈርሳል፣ ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ግድግዳው አዲስ ይመስላል። ልስኑ በሰሌዳ በሰሌዳ ሲወድቅ ከኋላው የሚታየው ያ ነው። መጀመሪያ ውሃውን ከግድግዳው አርቁ። ግድግዳው አንድ በጋ ሙሉ ይድረቅ። ከዚያ በጭድ ጭቃ ጠግናችሁ በኖራ ቀቡት፤ ኖራ እርጥበቱን እንዲወጣ ይፈቅድለታል።

ውሃውን ማራቅ ማለት መሬቱን ማዘመም ነው። ከግድግዳው አንሥቶ በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የሚል፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ፤ ከዚያ ወደ ግቢው መውጫ የሚሄድ ቦይ። በነባር ሰፈር ግን ከባዱ ነገር መንገዱ ነው። መንገድ በተጠረገ፣ ኮብልስቶን በተነጠፈ፣ አፈር በተደለደለ ቁጥር ውጭው ከፍ እያለ፣ ቤቱ ዝቅ እያለ መጥቷል። ወደ ቤቱ ለመግባት ደረጃ የምትወርዱ ከሆነ የመንገዱ ጎርፍም እንደ እናንተው ደረጃውን ሊወርድ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት በበሩ ደፍ ላይ ከፍ ያለ ድንጋይ፣ ከውጭ ደግሞ ውሃውን አቋርጦ የሚወስድ ቦይ ያስፈልገዋል። ግድግዳው ላይ የተከመረውን አፈርም ቆፍራችሁ አንሡ፤ የመሠረቱ ድንጋይ መታየት አለበት። የጣሪያውን ውሃ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያስገባ ቱቦ ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት። ጉድጓዱ የተቆፈረው ለቤተሰቡ ነው፤ የ80 ካሬ ጣሪያ ዶፍ ሲጨመርበት ሞልቶ የሚወጣው ውሃ የሚሄደው ልጆች ወደሚጫወቱበት ግቢ ነው።

ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን መስማማት እንችላለን። ከሁሉ በፊት የመብራት ሽቦው፣ ሕይወት ያጠፋልና። ቀጥሎ የመሬቱ ቁልቁለትና ቦዩ፣ በአካፋና በድንጋይ የሚሠራ ስለሆነ ከሁሉ ይረክሳል፤ ከዚያ የአሸንዳው መውረጃ፤ ከዚያ የቆርቆሮው ብሎኖች። የበሰበሱ የወራጅ ራሶችና ቋሚዎች በጋ ይጠብቃሉ፤ እስከዚያ በአጣና ደግፏቸው። ቀለምና የኮርኒስ እድሳት መጨረሻ ይሁን። ብዙ ቤት ላይ የማየው ይህ ተገልብጦ ነው፤ ኮርኒሱ ለፋሲካ ይቀባል፣ ቦዩ ለከርሞ ይቀራል።

ብቻችሁን ልትጨርሱት የማትችሉት አንድ ቦታ ይቀራል። ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ የሁለት ጎረቤት ጣሪያ እርስ በርሱ ተያይቶ ውሃውን ወደ መሀል የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ነው። በዚያ መጋጠሚያ የሚወርደው የሁለት ቤት ውሃ ነው፤ የሚበሰብሰውም የሁለት ቤት ግድግዳ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት በየራሱ በኩል አንድ ቁራጭ ላሜራ ቢያስገባ መሀሉ ክፍት ይቀራል። የሚያስፈልገው ከሁለቱም ቆርቆሮ ሥር የሚገባ፣ ሰፋ ያለ፣ አንድ ወጥ አሸንዳ ነው። ለእድራችሁ ስብሰባ ይዛችሁት ሂዱ፤ ከጎረቤት ጋር አብራችሁ ለኩ፣ ወጪውን እንደ ጣሪያችሁ ስፋት ተካፈሉ፣ አንድ ዓመት አንዱ በሚቀጥለው ሌላው እንዲጠርገው ተስማሙ። ላሜራውን ስታዙ ርዝመቱን ከትክክለኛው ልኬት 30 ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ እዘዙ፤ ጫፉ ከግድግዳው አልፎ ውጭ ላይ መድፋት ስላለበት።